የሀፊዝ ዓሣ

ዘይኑልአቢዲን ዓሣ የሚሸጠው፣ ሽማግሌ ልጅ እንደሚያጋባ ነበር፤ አጣርቶ፣ አጥንቶ፣ ደግሞም ሁለት ጊዜ ጠይቆ።

ሱቁ ኮምቦልቻ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ከሰዓት ሠሪው ከጋሽ አምባዬ ኪዮስክ አጠገብ ናት። ጠባብ ናት፤ ዐሥራ አንድ አኳሪየም ተደርድሮባት ሰው ጎኑን ካላዞረ አያልፍም። ደንበኛ ገብቶ «ያንን ባለ ነብር ቀለሙን ስጠኝ» ሲለው አይሰጥም። መጀመሪያ ይጠይቃል።

«ቤት ውስጥ ሌላ ምን አለ?»

«ሁለት ወርቃማ ዓሣ።»

«አይሆንም። ወርቃማው ቀርፋፋ ነው፤ ጅራቱም ረጅም ነው። ይሄኛው ደግሞ ረጅም ጅራት ካየ መንከስ አመሉ ነው። በሳምንቱ ሬሳ ይዘህ ትመጣብኛለህ።»

«የምገዛው እኔ! አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?»

«ዓሣው አፍ የለውማ። እኔ ልናገርለት እንጂ።»

አባቱ ሐይቅ ላይ በታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሽ አምባዬ «አባትህ ዓሣ ለድስት ሸጡ፣ አንተ ለዓይን ትሸጣለህ፤ ልጅህ ደግሞ ፎቶውን ይሸጣል» እያሉ ይቀልዱበታል። ልጅ ግን ገና አልነበረውም። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶት አላገባም። ለዚህም ጋሽ አምባዬ መልስ አላቸው፤ «የዓሣውን ጠባይ ሲያጠና የሰዉ አመለጠው።»

ዘይኑ ለገዢ ሁሉ የሚላት አንዲት ቃል ነበረችው። «መልክ አይታችሁ አትምረጡ። መልክ ለሳምንት፣ ጠባይ ለዕድሜ ነው።» ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ በኋላ የምታቃጥለው እሱኑ ነው።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍቶ ውሃ ሲቀይር፣ አንዲት ሴት በጎኗ ገባች። ረዘም ያለች ናት። ግራጫ ሻሽ አድርጋለች፤ በካፖርቷ ውስጥ ደግሞ በሱፍ ሻርፕ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን አቅፋለች። ሰላምታ ተለዋውጠው ሻርፑን ፈታችው። የማር ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ ውስጥ አካሉ ሰማያዊ፣ ጅራቱ ቀይ የሆነ ዓሣ በጎኑ ጋደም ብሏል።

«ደሴ መብራት ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው» አለች። «ውሃው ቀዘቀዘበት። ቆላ ይሻለው ይሆን ብዬ ነው ያወረድኩት።»

«በሚኒባስ?»

«በሚኒባስ። ረዳቱ ማር መስሎት፣ አንድ ጣት አላስላስሽኝም ብሎ እስከ ኮምቦልቻ አኮረፈኝ።»

ይህን ስትናገር ፈገግ አላለችም። ዘይኑ ግን ሳቁ መጥቶበት መለሰው። ዓሣውን ቀስ ብሎ ሞቅ ወዳለ ውሃ አዘዋወረና ጎንበስ ብሎ አየው። ቤታ የሚሉት፣ ወንዱ ከወንድ ጋር ፈጽሞ የማይኖር፣ ተዋጊ ዓሣ ነው።

«ጠባዩ እንዴት ነው?» አለ እንደ ልማዱ።

ሴትየዋ ሻርፑን እጇ ላይ ጠቀለለችው።

«ቁጡ ነው። ቀን ቀን ዝም ይላል። መግሪብ ሲደርስ ግን ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ጉንጩን ይነፋል፣ ክንፉን ሁሉ ይዘረጋል፣ መስታወቱን ሊሰብረው ይደርሳል። በዚያ ጥግ በኩል ወንበር አለ። የባለቤቴ የሀፊዝ ወንበር ነው። ነበር። ዓሣውንም የገዛው እሱ ነው፤ ከሞተ ሁለት ዓመት አለፈው። አማቴ በየቀኑ መግሪብ ላይ «ልጄ መጣ፤ ዓሣው አየው» ይላሉ።»

«አላህ ይርሀመው» አለ ዘይኑ። ከዚያ ሳያስበው «የገንዳው መብራት በመግሪብ ይበራል?» ሲል ጠየቀ።

«አማቴ ያበሩታል።»

«ከወንበሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ጨለማ ነው?»

«ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ አለ። ምነው?»

ነገሩ ገባው። ውስጡ በርቶ ውጭው ሲጨልም የገንዳው መስታወት የፊት መስታወት ይሆናል፤ ዓሣው የሚቆጣው የራሱን መልክ አይቶ ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ዓይኗን አየና ዘጋው። ስለ ዓሣ የሚያውቀውን ሳይናገር የቀረው ያን ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ነው።

«ምንም» አለ። «እኔ ዘንድ ይቆይ። ሙቀት ያስፈልገዋል።»

«ወንድሜ፣ ይሄ የኔ ብቻ አይደለም። ለእናቱ የቀራቸው ይሄ ነው። አማና ነው።»

«አማናሽን ተቀብያለሁ።»

በወሎ አማና ከተባለ ቀልድ የለም። የሰው አደራ ከራስ ሀብት በላይ ነው፤ የበላው ሰው እዚህም እዚያም ይጠየቅበታል። ዘይኑ ቃሉን ሲሰጥ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ስሟንም ያን ጊዜ ነገረችው፤ ፈትሂያ።

ፈትሂያ የምትሠራው እዚያው ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ጨርቁ በብርሃን ላይ እየተሳበ ሲያልፍ የተበጠሰውን ክር፣ የሳሳውን ቦታ ትፈልጋለች። ማታ ወደ ደሴ ከመመለሷ በፊት በየቀኑ ወደ ሱቁ ትገባ ጀመር። መጀመሪያ በር ላይ ቆማ ታይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሽ አምባዬ የምትቀመጥበት ዱካ አቀበሏት። በአምስተኛው ቀን ዱካውን ራሷ ወሰደች።

«ስምንት ሰዓት ሙሉ እንከን ስትፈልጊ ውለሽ፣ ዓይንሽ አይደክምም?» አላት ዘይኑ አንድ ቀን።

«ዓይኔ አይደክምም። ክፋቱ ከሥራ ስወጣም አይተወኝም። ያንተ ሸሚዝ ለምሳሌ፣ ሦስተኛው ቁልፍ በሌላ ክር ነው የተሰፋው።»

«አንቺ ዓሣ ብትሆኚ ብቻሽን ነበር የማስቀምጥሽ።»

ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ ሌላ ሰው የሳቀ ይመስል ዞር ብላ አየች። ዘይኑ ያቺን ሳቅ ይዞ ቤቱ ገባ። ምን እንደነካው አልጠፋውም፤ ወዷታል።

በስምንተኛው ቀን ዓሣው ተነሥቶ ዋኘ። ፈትሂያ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ብዙ አየችው።

«ሀፊዝ የሞተ ዕለት ተኳርፈን ነው የተለያየነው» አለች፣ ዓይኗን ከዓሣው ሳታነሣ። «ኮምቦልቻ ቤት እንከራይ አልኩት፤ እናቴን ትቼ አልወርድም አለኝ። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ተገለበጠ። አማቴ እማ ከሪማ «ልጄ መጣ» ሲሉ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ዓሣው ሲቆጣ፣ እሱ እኔን የሚቆጣ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ።»

ዘይኑ ያን ጊዜም የመብራቱን ነገር ሊነግራት ይችል ነበር። ነገ፣ ዓሣው ፈጽሞ ሲድን እነግራታለሁ አለ።

በማግስቱ ሱብሂ ሰግዶ ሱቁን ሲከፍት ዓሣውን ውሃው ላይ ተንሳፎ አገኘው።

ዱካው ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፤ ስሟን አየ፤ አስቀመጠው። እኛ ዘንድ መርዶ በአንድ ጊዜ አይነገርም። ሟች «ትንሽ አመመው» ይባላል፤ ከዚያ «ጠንቶበታል» ይባላል፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ያኔ ይነገራል። ዘይኑም ለራሱ ይህን ምክንያት ሰጠው። ልቧ ትንሽ እስኪጠና ነው አለ። ሴትየዋ ባሏን አንድ ጊዜ ቀብራለች፤ እኔ ሁለተኛ አላስቀብራትም አለ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ደወለላት፤ «ዓሣው ፀጥታ ይፈልጋል። ሁለት ቀን አትምጪ።»

ቀጥሎ የደወለው አዲስ አበባ ላለው ዓሣ አከፋፋይ ነው። ሰውየው የወንድ ቤታ ፎቶ ላከለት፤ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት። ዘይኑ አንዱ ላይ ቆመ። ያው ሰማያዊ አካል፣ ያው ቀይ ጅራት፣ ከጅራቱ ሥር ያለችው ነጭ ነጥብ ሳይቀር።

«እሱ እንኳ ለየት ያለ ነው» ሲል ጀመረ አከፋፋዩ፤ «ከሌሎች ጋር ነው ያደገው፣ ጠባዩ…»

«እሱን ላክልኝ» አለ ዘይኑ።

ጠባዩን አልጠየቀም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መልክ አይቶ መረጠ።

የሞተውን ከሱቁ ጀርባ ካለችው ፓፓያ ሥር ቀበረው። አዲሱ በአውቶቡስ ሲመጣ በዚያው በማር ጠርሙስ አድርጎ፣ በዚያው ሻርፕ ጠቅልሎ፣ ራሱ ወደ ደሴ ወጣ።

የእማ ከሪማ ቤት ሆጤ ሰፈር ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ጥቂት ያስኬዳል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። እማ ከሪማ አጭር፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። «መርሀባ፣ ልጄ! መርሀባ!» ብለው ተቀበሉት። ግድግዳው ላይ ሀፊዝ በሠርጉ ልብስ ሆኖ ወደ በሩ ያያል። ወንበሩ ከገንዳው አጠገብ ነው፤ የተቀመጠበት የለም። ዘይኑ ወንበር ሲፈልግ አይተው እማ ከሪማ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን መጅሊስ አሳዩት። እሱም ከዚያ ወንበር ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ዓሣውን ገንዳው ውስጥ ለቀቁት። መግሪብ ደረሰ፤ አዛን ተሰማ። እማ ከሪማ የገንዳውን መብራት አበሩ። ሦስቱም ዓይናቸውን ገንዳው ላይ ጣሉ።

ዓሣው ገንዳውን ዞረ። ወደዚያ ጥግ ሄደ። መስታወቱ ላይ የራሱን መልክ አየና፣ አላፊ አግዳሚ እንዳየ ሰው፣ ዞር ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ዘይኑ ስለ ቤታ ጠባይ ለስንቱ ሲያስተምር ኖሮ፣ ከሺህ ውስጥ አንዱን ገራም መርጦ አምጥቷል።

«ዛሬ አልተቆጣም» አለች ፈትሂያ በቀስታ።

እማ ከሪማ ዓሣውን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ፈትሂያን አዩ። መጨረሻ ላይ ዘይኑን አዩት፤ እሱ ምንጣፉን ያይ ነበር።

«ታሞ ነበራ» አሉ። «የታመመ ይለዝባል።» ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ውሃውን እየመጣህ ታይልን የለ? በየጁምዓው ና» አሉት።

በየጁምዓው ወጣ። ውሃ ይቀይራል፣ ማሞቂያውን ያያል፣ ሻይ ይጠጣል። ዓሣው አልተቆጣም። በሁለተኛው ወር እማ ከሪማ «ብቻውን ሆነ፤ ጓደኛ አምጣለት» አሉት። ፈትሂያ «ይቦጫጭቀዋል!» ብላ ደነገጠች። ዘይኑ ኮሪ የሚባሉ፣ ከሥር ከሥር እየሄዱ የወደቀ የሚለቅሙ፣ ከማንም የማይጣሉ ሁለት ትንንሽ ዓሦች አመጣ። ዓሣው አንድ ጊዜ አሸተታቸው፤ ከዚያ አብሯቸው ኖረ።

ፈትሂያም ተለወጠች። እራት ስታቀርብ ታንጎራጉር ጀመር። አንድ ጁምዓ ደግሞ ዘይኑ ሲገባ የሀፊዝ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቆርጥ አገኛት። አይታው ቀላች፤ ግን አልተነሣችም።

ሙት የሸሸው ያንን ቤት ነው፤ ዘይኑን ግን ተከተለው። ኮምቦልቻ መብራት ሲበራ ዐሥራ አንዱም ገንዳ ፊቱን ያሳየዋል፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ከጀርባው ሰው የቆመ ይመስለዋል። ዞር ሲል ማንም የለም። ሀፊዝ ከግድግዳው ላይ «አማናዬስ?» የሚለው በሕልሙ ነው፤ ድምፁን ሰምቶት አያውቅም፣ ግን ያውቀዋል። ወደ ፓፓያዋ መሄድ ተወ። ሥራውም ተበላሸ።

«ምን ነካህ?» አሉት ጋሽ አምባዬ። «ሰውየው አሁን አራት ዓይነት ዓሣ ገዝቶ ሲወጣ አንድ ጥያቄ አልጠየቅኸውም። እርስ በርሳቸው ሲበላሉ ሊያድሩ ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ ሰው በውሸት የመጣለት ደስታ ሐላል ይሆንለታል?»

ጋሽ አምባዬ ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። «ሰዓት ወደፊት ገፍተህ ብታስተካክለው ቀኑ አይመሽልህም» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን ፈትሂያ ከሥራ ስትወጣ «ዛሬ እንራመድ» አለችው። እስከ ቦርከና ድልድይ ሄዱ። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ነበር። ድልድዩ ላይ ቆማ ብረቱን በሁለት እጇ ያዘች።

«ያልነገርኩህ አለ» አለች። «ሀፊዝ የዚያን ዕለት ጠዋት በሩ ላይ ሆኖ፣ እንደተኳረፍንም ቢሆን፣ አሰላሙ ዐለይኩም ብሎኝ ነበር። ጀርባዬን ሰጥቼው ዕቃ አጥብ ነበር። አልመለስኩለትም። ሰምቻለሁ፣ ግን አልመለስኩለትም። እሱም ትንሽ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ወጣ።»

ዘይኑ ከጎኗ ብረቱን ተደገፈ።

«ዓሣው የሚቆጣው ለዚህ ነው ብዬ አምን ነበር። ሞኝነት ነው አይደል? ግን አምን ነበር። ይኸው ሦስት ወር አለፈ፣ አልተቆጣም። ይቅር ብሎኛል ዘይኑ። ሂጂ፣ ኑሪ ብሎኛል።» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ያበራ ነበር። «ሽማግሌ መላክ የምታስብ ከሆነ፣ ላክ።»

ለዚህች ቃል ስንት ጁምዓ ጠብቋል! እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። እሺ ካለ የገዛ ውሸቱ የሙት ይቅርታ ሆኖ ቤታቸው ሊኖር ነው። ዝም ካለ ያገኛታል፤ ከተናገረ ያጣታል። ሌላ መንገድ አልነበረም።

«ፈትሂያ፣ ዓሣው ሞቷል።»

«የቱ ዓሣ?»

«የሀፊዝ። በዘጠነኛው ቀን፣ ከሱብሂ በኋላ ሞቶ አገኘሁት። ቤት ያለው ሌላ ነው። ጠባዩ ገራም ነው እንጂ ምንም… የመጀመሪያውም ቢሆን ይቆጣ የነበረው መብራቱ ሲበራ ራሱን በመስታወቱ አይቶ ነው። ያኔውኑ ማወቄን ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን እንዴት እንደጠፋ ዘይኑ እስከ ዛሬ ያስታውሳል። አልጮኸችም።

«አማና ብዬህ ነበር።»

«ብለሽኛል።»

«እንግዲያው ይቅር አላለኝም» አለች፤ ለእሱ ሳይሆን ለውሃው። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወደ ሚኒባሱ ሄደች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሦስት ሳምንት ሆነ። ስልክ አታነሣም። በፋብሪካው በር ቆሞ አንድ ጊዜ አያት፤ አይታው በሌላ በኩል አለፈች። በጁምዓ ደሴ አልወጣም፤ በየትኛው ፊቱ?

በአንድ ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ በሱቁ በር ላይ አጭር ጥላ ቆመ። እማ ከሪማ ነበሩ። ልጃቸው ያለፈበትን ቁልቁለት ላለማየት ከሁለት ዓመት በላይ ከደሴ ወርደው አያውቁም። ዛሬ የማር ጠርሙሱን በሻርፕ ጠቅልለው አቅፈዋል።

ዘይኑ ዘሎ ተነሣ። «እማ! ብቻዎን ነው የመጡት?»

«አሰላሙ ዐለይኩም ይቅደም» አሉት። መለሰላቸው። ዱካው ላይ ተቀመጡና ጠርሙሱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ዓሣው ውስጡ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ነገረችኝ» አሉ። «አልቅሳ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ሲነግሩኝ መደንገጥ አልችልበትም።»

«ያውቁ ነበር?»

«ልጄ፣ እኔ ከዚያ ዓሣ ጋር ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጠባዩን ከልጄ ጠባይ እኩል አውቀዋለሁ። በመጣህበት ማታ ነው ያወቅሁት። በሽታ ያለዝባል እንጂ ሌላ ሰው አያደርግም፤ ዓሣም ያው ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

እማ ከሪማ ጠርሙሱን በመዳፋቸው አሹት።

«መብራቱንም አውቅ ነበር። አምና ክረምት መብራት የጠፋ ቀን ዓሣው አልተቆጣም። በማግስቱም እንዲሁ። መብራቱ ሲመጣ ቁጣውም መጣ። ያኔ ገባኝ። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ መግሪብ ሲደርስ እየተነሣሁ የማበራው እያወቅሁ ነው። ልጄን የምጠራው እኔው ራሴ ነበርኩ። እሱ ሲመጣ እኔ ደስ እያለኝ፣ ለካ እሷን በየቀኑ እገርፋት ኖሯል። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ ወላሂ አላወቅሁም። ያንተ ዓሣ ሳይቆጣ የቀረ ማታ ልጅቷ ስትተነፍስ ሰማኋት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ትንፋሿን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ልናገር? ያንተን ውሸት እኔም ተካፈልኩት።»

ዘይኑ እንባው መጣ። ደበቀው።

«አንተ በድለሃል» አሉት። «አማና በልተሃል፤ ይህን አላለሳልስልህም። ግን በመጨረሻው፣ እሺ ስትልህ፣ መዋሸት ስትችል ተናገርክ። እኔ አልተናገርኩም፤ አንተ ተናገርክ። ሀፊዝ ሁለት አማና ትቶልኝ ነበር። ዓሣውና እሷ። ዓሣው ሞቷል፤ አላህ ወሰደው። እሷን ግን ከመስታወት ኋላ አስቀምጬ አላስረጃትም።»

ወደ በሩ አዩ። «ውጭ ናት። እግሯ እስከ ጋሽ አምባዬ ኪዮስክ አመጣት፤ ከዚያ እምቢ አላት።»

ዘይኑ ወጣ። ፈትሂያ ቆማ የተሰቀሉትን ሰዓቶች ታያለች። ጋሽ አምባዬ ምንም እንዳላዩ ሆነው አንዱን ሰዓት ለሦስተኛ ጊዜ ይወለውላሉ።

«የት ነው የቀበርከው?» አለችው።

በሱቁ ጎን በጠባቧ መተላለፊያ ወሰዳት። ፓፓያዋ ፍሬ ይዛለች። ከሥሯ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። ፈትሂያ ቁጭ አለችና ድንጋይዋን በጣቷ ነካች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ዘይኑም ዝም አለ፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን የሚደብቀው ነገር አልነበረውም።

«ሰላምታ የነፈግሁት ሰውን ነው» አለች በመጨረሻ። «ዓሣ ይቅር ሊለኝ አይችልም ነበር። ዓሣም አልረገመኝም። ይህን ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።»

«አብሽሪ፣ ፈትሂያ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሀፊዝ የሞተ ቀን ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። የፋብሪካው ጓደኞቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ሳይቀር። «ትንሽ ተጎድቷል፣ ሆስፒታል ነው» እያሉኝ እስከ ማታ ሳምናቸው ዋልኩ። ቤት ስገባ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። አንተም እንደዚያ አደረግኸኝ። ደግመህ እንደዚያ ካደረግኸኝ አልችለውም። የሞተውን ሞተ በለኝ። በዚያው ሰዓት። እንደምንም እችለዋለሁ።»

«ወላሂ እልሻለሁ።»

ቀና ብላ አየችው፤ ጨርቅ በብርሃን ላይ እንደምታይ፣ ክር በክር። ዘይኑ እንከኑን ሁሉ እንዳየች አወቀ። ዓይኑን ግን አላሸሸም።

«እንግዲያው ላክ» አለች።

«ሽማግሌ ከተፈለገ» የሚል ድምፅ ከኪዮስኩ በኩል መጣ፤ «ኮቴን ላውጣ እንዴ?»

ሽማግሌዎቹ በግንቦት ሆጤ ወጡ፤ ጋሽ አምባዬ፣ የሰፈሩ ኢማም፣ የዘይኑ አባት ደግሞ ከሐይቅ መጥተው። እማ ከሪማ እንደ ፈትሂያ እናት ሆነው ተቀበሏቸው። ዘር አልጠየቁም፣ ሀብት አልጠየቁም። «የልጃችሁ ጠባይ እንዴት ነው?» አሉ።

ጋሽ አምባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዋሽቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሞከረ፤ እሱንም አልቻለበትም።»

ኒካሁ በሰኔ ታሰረ። ፈትሂያ ሆጤን አልለቅም አለች። ያኔ ቤት እንከራይ ያለችው እሷ፣ አሁን እማ ከሪማን ትቼ አልወርድም አለች። ዘይኑ ጠዋት ወደ ሱቁ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። የሀፊዝ ፎቶ ከግድግዳው አልወረደም። ወንበሩም ከቦታው አልተነሣም፤ የፈለገ ሰው ይቀመጥበታል።

በሐምሌ አንድ ቀን፣ ጭጋጉ መስኮቱን በሸፈነበት፣ ወደ መግሪብ ገደማ መብራት ጠፋ። ፈትሂያ ዓሦቹ እንዳይበርዳቸው የገንዳውን ሦስት ጎን በብርድ ልብስ ሸፈነች፤ በወንበሩ በኩል ያለውን ብቻ ተወችው። ቤቱ ውስጥ የቀረው ከመስኮቱ የሚገባው ደብዛዛ ብርሃን ነበር። መስታወቱ ላይ ምንም መልክ አይታይበትም።

አዛን ተሰማ።

ዓሣው ከገንዳው መሀል ተነሣ። ቀስ እያለ ወደዚያ ጥግ ሄደ። ደረሰና ቆመ። ዞር አላለም፤ ክንፉንም አልዘረጋም። ባዶውን ወንበር ፊት ለፊት እያየ ፀጥ አለ። ኮሪዎቹ እንኳ መልቀማቸውን ትተው ከሥሩ ተኙ።

ዘይኑ ስለ ዓሣ የማያውቀው ጥቂት ነው። ለዚህ ምክንያት ፈለገ፤ መብራት የለም፣ መልክ የለም፣ ምግብ የለም። ምንም አላገኘም። አጠገቡ የፈትሂያ እጅ እጁን ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

«መጡ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ፤ ማንን አንቱ እንዳለ ራሱም አላወቀም።

«መጣ» አሉ እማ ከሪማ። «አልተቆጣም።»

ፈትሂያ የዘይኑን እጅ ሳትለቅ ወደ ወንበሩ ዞረች። አዛኑ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ወዐለይኩመ ሰላም» አለች።